ንፋስ መውጫ ላይ ሸማች ማን ነው?

በገበያ ቀን ከጉና ሥር የሚወርድ ገበሬ ሁለት ሰው ነው። ድንቹን ወይም ገብሱን በአህያ ጭኖ ንፋስ መውጫ እስኪደርስ ድረስ ሻጭ ነው። የሸጠበትን ብር ቆጥሮ ኪሱ እንደከተተ ደግሞ ገዢ ይሆናል፤ ጨው፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ የልጅ ደብተር፣ ባትሪ፣ ከተረፈው ደግሞ የበግ መድኃኒት። በዚያች ግማሽ ቀን ውስጥ ሁለት ጊዜ ይሰፈርበታል። ሲሸጥ ነጋዴው ጣሳውን ቆልሎ ይቀበለዋል። ሲገዛ ያው ጣሳ አፉ ላይ በእጅ ተጠርጎ ይሰጠዋል። የድንቹም ጆንያ እንዲሁ ነው። ስሙ "ኩንታል" ነው፤ ግን ከአፉ በላይ ተቆልሎ በገመድ ስለሚሰፋ ሚዛን ላይ ቢወጣ መቶ ኪሎን የሚያልፍበት ጊዜ ብዙ ነው። የትርፉን ኪሎ ዋጋ የሚጠይቅ የለም። ልማድ ነው ይባላል፣ ይታለፋል።

አዲስ አበባ ላይ ስለ ሸማቾች ጥበቃ ሲወራ የሚታሰበው ሰው ይህ አይደለም። የሚታሰበው የመጠቀሚያ ጊዜው ያለፈ ወተት የተሸጠለት፣ ደረሰኝ የተከለከለ፣ የገዛው ስልክ በሳምንቱ የተበላሸበት የከተማ ሰው ነው። ለዚህ ሰው መቆርቆር ተገቢ ነው። ችግሩ ፖሊሲው ከእሱ አልፎ ማየት አለመቻሉ ላይ ነው። አገሪቱ ውስጥ አብዛኛው ገዢ ያለ ደረሰኝ፣ ያለ መለያ ጽሑፍ፣ በጣሳና በቁና የሚገዛ ሰው ነው። ለእሱ የተጻፈ አንቀጽ ለማግኘት አዋጁን ደጋግሞ ማገላበጥ ያስፈልጋል።

ነገሩ እንዴት እዚህ ደረሰ?

ገዢን የሚጠብቅ ሕግ ለኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጉድለት ያለበት ዕቃ የሸጠ ሰው ለገዢው ዋስትና እንዳለበት ደንግጓል። በአንቀጽ 2085 ደግሞ ዕቃ አምርቶ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው፣ ዕቃው በተለመደው አኳኋን ሲሠራበት ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ለዘመኑ ደፋር አንቀጽ ነበር። ነገር ግን ይህን መብት ማስከበር ፍርድ ቤት መሄድን፣ ጊዜንና ገንዘብን ይጠይቃል። ለአንድ ሊትር ዘይት ብሎ ከጋይንት ቆላ ወጥቶ ክስ የሚመሠርት የለም።

ደርግ ሲመጣ ገዢን መጠበቅ ማለት ዋጋ መቁረጥ ማለት ሆነ። በከተማ የቀበሌ ሱቅ ተከፈተ። በገጠር የእርሻ ሰብል ገበያ ኮርፖሬሽን ኮታ ጣለ። ገበሬው የተመደበበትን እህል በተቆረጠለት ዋጋ ያስረክብ ነበር፤ ያልደረሰለት ደግሞ ከገበያ በውድ ገዝቶ ኮታውን የሚሞላበት ጊዜ ነበር። በአጭሩ፣ የከተማው በላተኛ ርካሽ እንዲበላ ከፋዩ ገበሬው ነበር። ኮታው የቀረው በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ነው። ይህ ታሪክ ያለፈ ይምሰል እንጂ፣ "ሸማች" ሲባል የከተማውን በላተኛ ብቻ የማሰብ ልማድ ከዚያ ዘመን የተረፈ ይመስላል።

በነገራችን ላይ፣ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የሸማቾች ጥበቃ መመሪያዎችን ያጸደቀው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1985 ነው። በእኛ አቆጣጠር 1977 መሆኑ ነው። ዓለም ስለ ምርጫ መብት፣ ስለ ትክክለኛ መረጃ፣ ስለ ካሳ ሲስማማ የሰሜን ኢትዮጵያ ሰው በረሃብ ያልቅ ነበር። ለሚገዛው ነገር ላጣ ሰው የመምረጥ መብት ምን ትርጉም ይኖረዋል? ይህ ጥያቄ ዛሬም በከፊል አልተመለሰም።

ከኢሕአዴግ ወዲህ የመጣው የመጀመሪያው ሕግ የንግድ አሠራር አዋጅ ቁጥር 329/1995 ነው። ትኩረቱ ነጋዴና ነጋዴ በአግባቡ እንዲወዳደሩ ነበር፤ ሸማቹ የሚጠቀመው በተዘዋዋሪ ነው። ከዚያ የ2000 ዓ.ም. የዋጋ ንረት መጣ። ኑሮ ሲወደድ ጩኸቱ በረታ፤ በ2002 አዋጅ ቁጥር 685 ወጣ። "የሸማቾች ጥበቃ" የሚለው ቃል በአዋጅ ርዕስ ላይ ሰፈረ፣ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤትም ተቋቋመ። ብዙም ሳይቆይ በ2003 ዓ.ም. አጋማሽ መንግሥት ከአሥር በሚበልጡ ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ ጣለ፤ ስኳር፣ ዘይት፣ ዳቦ፣ ሥጋ ሳይቀር። ውጤቱን በዚያ ዘመን የነበረ ሁሉ ያስታውሰዋል። ዕቃው ከመደርደሪያ ጠፋ፣ ሰልፉ ረዘመ፣ ወራት ሳይቆጠሩም አብዛኛው ጣሪያ ተነሣ። በ2006 ደግሞ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 የቀደመውን ተካ። በ2014 የአስፈጻሚ አካላትን ሥልጣን የወሰነው አዋጅ ቁጥር 1263 ባለሥልጣኑን ራሱን አክስሞ ሥራውን ለንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ሰጠው።

በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ተቋም ተወለደ፣ ስሙ ተቀየረ፣ ከሰመ። ባለሙያ ሠልጥኖ፣ ዳኝነት ሰሚ ችሎት ልምድ አካብቶ፣ ሸማቹም የት እንደሚሄድ ሲለምድ መሥሪያ ቤቱ ፈረሰ። ራሱን ችሎ የሚቆም ተቆጣጣሪና በሚኒስቴር ሥር ያለ ክፍል አንድ አይደሉም። ሚኒስትሩ የንግድ ፈቃድ ይሰጣል፣ ገበያ ያረጋጋል፣ ነጋዴን ይሰበስባል፤ በዚያው እጁ ነጋዴውን ከሸማቹ ጋር ሊዳኝ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። አዋጅ 813 "ሸማች" የሚለውን ሲተረጉም፣ ዋጋውን ራሱም ይክፈለው ሌላ፣ ዕቃ ወይም አገልግሎት ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛ የተፈጥሮ ሰው ነው ይላል። ለማምረት ወይም መልሶ ለመሸጥ የሚገዛ ግን ሸማች አይደለም። ለከተማ ይህ ትርጉም ንጹህ ነው። ፋብሪካው ጥሬ ዕቃ ሲገዛ ሕጉ እንደ ደካማ ሊያየው አይገባም። ለላይ ጋይንት ገበሬ ግን ምን ማለት ነው? የዓመቱ ትልቁ ግዢው ዘይት አይደለም። ማዳበሪያ ነው። ምርጥ ዘር ነው። የድንች ዘር ነው። የፀረ አረም ኬሚካል ነው። የበሬው መድኃኒት ነው። እነዚህ ሁሉ በቃሉ ከተነበቡ "ለማምረት ተግባር" የተገዙ ናቸው። ስለዚህ ገበሬው ሳሙና ሲገዛ ሸማች ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ቤተሰቡን የሚያበላውን ዘር ሲገዛ ግን አይደለም። አንድ ሊትር ዘይት ቢበላሽበት ሕግ አለው፤ አንድ ጥማድ መሬት ባዶ ቢቀርበት በዚህ ሕግ ዓይን የሚታይ ሰው አይደለም።

ዘርን፣ ማዳበሪያንና ፀረ ተባይን የሚመለከቱ የተለዩ አዋጆች አሉ፤ ይህን መካድ አይገባም። የእነሱ ዋና ሥራ ግን ማን ያምርት፣ ማን ያስመጣ፣ ማን ይመዝገብ፣ ጥራቱ እንዴት ይመርመር የሚለውን መወሰን ነው። ገበሬው "ዘሩ አልበቀለም፣ ገንዘቤን መልሱ" ብሎ ጠዋት ሄዶ ከሰዓት መልስ የሚያገኝበት መስኮት ሌላ ነገር ነው።

እንኳን ትርጉሙ፣ ቀኑም አይሠራም። አዋጁ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በገዛ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል ይላል። ለጫማ በቂ ነው። ገበሬው ግን ዘር የሚገዛው ግንቦት ላይ ነው፤ የሚዘራው ሰኔ ወይም ሐምሌ። የድንች ዘር ደግሞ የባሰ ነው። በባክቴሪያ የሚመጣው አጠውላጊ በሽታ ያለበት ድንች ሲገዛ ጤነኛ ይመስላል፤ በሽታው የሚታየው ተክሉ ካደገ በኋላ ነው። አንዴ የገባበት መሬት ደግሞ በቀላሉ አይለቀውም። አሥራ አምስቱ ቀን ሲያልቅ ዘሩ ገና ከጆንያው አልወጣም።

ይህ ጥያቄ የተነሣው ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ አይደለም። ህንድ በ1986 እ.ኤ.አ. የሸማቾች ሕግ ስታወጣ ለንግድ የሚገዛን ሰው ከትርጉሙ አስወጥታ ነበር። በኋላ ግን በ1993 ማሻሻያ፣ በራሱ ጉልበት እየሠራ ኑሮውን ለመግፋት ብቻ ዕቃ የሚገዛ ሰው ሸማች እንደሚባል ጨመረች። በ2012 ደግሞ የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የማይበቅል ዘር የተሸጠላቸው ገበሬዎች ባቀረቡት ጉዳይ ላይ፣ መንግሥታዊው የዘር ኮርፖሬሽን "እነዚህ ሸማቾች አይደሉም" ብሎ ያቀረበውን ክርክር ውድቅ አደረገ። ለምርመራ የሚሆን የዘር ናሙና አላቀረቡም የሚለውም ክርክር አላስኬደውም። ድሃ ገበሬ የገዛውን ዘር ይዘራዋል እንጂ ለዳኛ ብሎ ከፍሎ አያስቀምጥም። የህንድ ሕግ እንከን የለሽ ነው ማለት አይደለም፤ በየወረዳው ያሉት ችሎቶቿ በመዝገብ መብዛት ይታማሉ። ትርጉሙን ለማስፋት ግን ሀብታም አገር መሆን እንደማያስፈልግ አሳይታለች፤ አንድ አረፍተ ነገር ነው የጨመረችው።

እዚህ ላይ የማይመች ጥያቄ አለ። ማዳበሪያ በአብዛኛው የሚገባው በመንግሥት ኮርፖሬሽን ነው፤ የሚከፋፈለው በዩኒየንና በመሠረታዊ ማኅበር ነው። ገበሬው ከማን እንደሚገዛ አይመርጥም፣ ዋጋ አይከራከርም፣ መቼ እንደሚደርስለትም አይወስንም። በ2015 ዓ.ም. ማዳበሪያ ሲጠፋ የአማራ ክልል ገበሬ አደባባይ ወጥቶ የጮኸው ለዚህ ነው። ገበሬውን "ሸማች" ብሎ መጥራት ማለት እንግዲህ መንግሥትን "ሻጭ" ብሎ መጥራት ነው። ትርጉሙ የጠበበው በቸልታ ይሁን በዚህ ምክንያት ማንም በእርግጠኝነት አይናገርም፤ ጠባብ መሆኑ ለማን እንደሚመች ግን ግልጽ ነው።

ሕጉ በተግባር የሚታየው ኑሮ ሲናር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ በየከተማው የሆነው የሚታወቅ ነው። ግብረ ኃይል ይቋቋማል፣ ሱቅ ይታሸጋል፣ "ይህን ያህል ነጋዴ ላይ እርምጃ ተወሰደ" የሚል ዜና ይነበባል። ሳምንታት ሲያልፉ ሱቁ ይከፈታል፤ ዋጋው ግን ወደ ታች አይመለስም። ሸማቾችን መጠበቅ ከዘመቻ ጋር አንድ ሆኖ ቀረ።

እንደ ንፋስ መውጫ ባለ ከተማ ዘመቻ ሲመጣ የሚጎዳው ማነው? የገጠር ቀበሌ ውስጥ ያሉት ሱቆች ሁለት ወይም ሦስት ከሆኑና አንዱ ከታሸገ፣ ገዢው ለቀሩት ሁለቱ ተሰጠ ማለት ነው። ነጋዴውም ቢሆን ሁልጊዜ ወንበዴ አይደለም። ከባሕር ዳር ወይም ከወረታ ከጅምላ ሻጭ ሲያመጣ ደረሰኝ ይከለከላል፤ ችርቻሮ ላይ ሲደርስ ግን "ደረሰኝ ስጥ" የሚባለው እሱ ነው። በነሐሴ 2013 ጦርነቱ ንፋስ መውጫ ሲደርስ ብዙ ሱቅ ተዘርፏል፤ የጤና ተቋም ሳይቀር። ያን ኪሳራ ይዞ፣ ከ2015 ወዲህ ደግሞ መንገድ እየተዘጋ እየተከፈተ ዕቃ የሚያመላልስ ነጋዴ የጭነቱንና የሥጋቱን ዋጋ የሚጭነው ገዢው ላይ ነው። ይህ ስግብግብነትን አያጸድቅም፤ ጣሳ የሚያጎድል ጣሳ ያጎድላል። ነገር ግን ወረታ ላይ ያልተጠየቀ ጅምላ ሻጭ ባለበት የንፋስ መውጫን ባለ ኪዮስክ ማሸግ ከታች ወደ ላይ ሳይሆን ከታች ብቻ መምታት ነው።

ስለ ሴፍቲኔትም አንድ ነገር መባል አለበት። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ፕሮግራሙ ከ1997 ጀምሮ የገባባቸው ወረዳዎች ናቸው። ክፍያው በእህል ሳይሆን በብር ሲሆን ተጠቃሚው በአንድ ቀን ሸማች ይሆናል። ክፍያው በዘገየ ቁጥር የእህል ዋጋ ቀድሞት ይሄዳል፤ በጎደለ ጣሳ ሲገዛ ደግሞ ድጎማው ሁለተኛ ጊዜ ይቀነሳል። መንግሥትና ለጋሾች የሚሰጡት ብር የመጨረሻው ጉዞ በዚያች ጣሳ ውስጥ ነው የሚያልፈው። በዕርዳታ ሪፖርት ውስጥ ስለ ጣሳዋ የሚጻፍ ነገር አይገኝም።

ገበያው ግን ሁልጊዜ ያለ ዳኛ አልነበረም። በሬ ሲሸጥ ሻጩ ዋስ ይጠራል፤ በሬው የስርቆት ቢሆን ተጠያቂው ይታወቃል። ገዢው ጥርሱን ያያል፣ ያስኬደዋል፤ ከገዛ በኋላ በሬው እርሻ ላይ ቢተኛበት ሽማግሌ ይዞ ይመለሳል። ይህ ያልተጻፈ የሸማቾች ሕግ ነው፤ ከ15 ቀኑም ይሻላል፤ ጉድለቱ በሚታይበት ጊዜ ይቆጥራልና። የሚሠራው ሻጭና ገዢ ስለሚተዋወቁ ነው። በጡብ ዱቄት የተደባለቀ በርበሬ፣ ዘይት የተቀላቀለበት ቅቤ፣ ስኳር የሆነ ማር፣ ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ የሚሸጥ የከብት መድኃኒት ሲመጣ ግን ዋሱ የለም። አምራቹ ሩቅ ነው፣ ሻጩ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ገበያ ነው፤ ከንፋስ መውጫ ተነሥቶ አርብ ገበያ፣ ከዚያ ወገዳ። ሽማግሌው የማያውቀውን ሰው ምን ብሎ ይጠራል? የመንግሥት ሥራ የሚያስፈልገው እዚች ክፍተት ላይ ነው።

አዋጅ 813 ክልሎች የራሳቸውን የሸማቾች ዳኝነት እንዲያቋቁሙ በር ከፍቷል። የወረዳው ንግድና ገበያ ልማት ጽሕፈት ቤትም አለ። በወረቀት ላይ የጎደለ የለም። ለጋይንት ገበሬ ግን መብቱ ላም አለኝ በሰማይ ነው፤ አቤቱታው ቅጽ ይፈልጋል፣ ደረሰኝ ይፈልጋል፣ የሥራ ቀን ይፈልጋል። ቅጣቱም ከነጋዴው ዓመታዊ ሽያጭ በመቶኛ የሚሰላ ነው፤ መዝገብ ለማይዝ ሰው ሽያጩን ማን ቆጥሮ ነው?

የሚሻለው ነገር ውድ አይደለም። ሕጉ ሲሻሻል በራሱ ጉልበት የሚያርስ አነስተኛ ገበሬ ለእርሻው የሚገዛው ግብዓት በሸማችነቱ እንዲታይ ማድረግ፣ ቀኑም ከግዢው ሳይሆን ጉድለቱ ከታየበት እንዲቆጠር ማድረግ የፌዴራሉ ሥራ ነው፤ ሁለት አረፍተ ነገር ነው። የማዳበሪያና የዘር ክፍፍል የሚያካሂደው ማኅበር ከየጭነቱ ናሙና በታሸገ ከረጢት እንዲያስቀምጥ ማስገደድ ደግሞ ገበሬውን ከማይቻል ማስረጃ ያድነዋል። ዳኝነቱ ግን ገበያው ውስጥ መቀመጥ አለበት። የጽሕፈት ቤቱ ባለሙያና ሁለት የታወቁ ሽማግሌዎች በገበያ ቀን አንድ ዛፍ ሥር ቢቀመጡ፣ የጣሳና የሚዛን ክርክር የዚያኑ ቀን ያልቃል። ሻጩ ወደ ሌላ ገበያ ሳይሄድ፣ ገዢው ወደ ቤቱ ሳይወጣ።

"ጊዜው ጸጥታ የለውም፣ የመንግሥት ባለሙያ ከከተማ ወጥቶ አይሠራም" የሚል መልስ ይመጣል። እውነት አለው። ስማዳ ቆላ ድረስ የሚወርድ ተቆጣጣሪ ዛሬ አይገኝም። ሚዛን ግን ጠበንጃ አይፈራም፤ ገበያም በጦርነት መሃል እንኳ መቆሙን አያቆምም። ሽማግሌዎቹም ከየትም አይመጡም፣ እዚያው ናቸው።

ለመጀመር የሚያስፈልገው ድንቹና እህሉ በሚገቡበት የገበያው በር ላይ ማንም በነፃ የሚመዝንበት አንድ የተረጋገጠ ሚዛንና ልኩ የታወቀ አንድ ጣሳ ነው። ገበሬው ጆንያውን ከአህያው እንዳወረደ ይመዝናል፤ ስንት ኪሎ እንደሆነ በቁራጭ ወረቀት ይይዛል፤ ከነጋዴው ጋር የሚከራከረው "ኩንታል ነው" በሚል ሳይሆን በወረቀቱ ነው። ከሰዓት በኋላ የገዛውን ጨውና እህል እዚያው መልሶ ይመዝናል። በላይ ጋይንት ወረዳ በጀት ውስጥ ለዚህ የሚሆን መስመር ካለ በሚቀጥለው ገበያ ቀን ሊጀመር ይችላል። ከሌለ ጥያቄው የክልሉ ንግድና ገበያ ልማት ቢሮ ነው።